ምዕራፍ ስምንት፦ እጅ ያወቀውን አፍ ሲጠየቅ

በ2009 ኤፕሪል መጨረሻ ላይ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስዊድናዊው የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ሮቢን ሶደርሊንግ ሮም ላይ ከራፋኤል ናዳል ጋር ተገናኝቶ 6 ለ 1፣ 6 ለ 0 ተሸነፈ። ቴኒስ እንደ መረብ ኳስ በሴት በሴት ተከፍሎ የሚካሄድ ጨዋታ ነው፤ አንዱን ሴት ለመውሰድ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ጌም ማሸነፍ ያስፈልጋል። ሶደርሊንግ በዚያ ቀን ከ13 ጌም ያገኘው አንዷን ብቻ ነው ማለት ነው። ቴኒስ አይቶ የማያውቅ ሰውም ቢሆን ይህን ቁጥር ሲሰማ ጨዋታው እንዴት ያለ እንደነበር ይገባዋል።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ሜይ 31 ቀን፣ ሁለቱ ፓሪስ በሚገኘው ሮላን ጋሮስ እንደገና ተፋጠጡ። ናዳል በዚያ ቀይ አፈር ላይ አንድም ጊዜ ተሸንፎ አያውቅም ነበር፤ አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን ወስዷል፣ 31 ጨዋታ በተርታ አሸንፏል። ሶደርሊንግ በበኩሉ ግራንድ ስላም ከሚባሉት ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች በአንዱም ከሦስተኛው ዙር አልፎ አያውቅም ነበር። በዚያ እሁድ ግን 6 ለ 2፣ 6 ለ 7፣ 6 ለ 4፣ 7 ለ 6 አሸነፈ።

በሠላሳ ቀን ክንድ አይረዝምም። በምዕራፍ ሦስት እንዳየነው አንድ እንቅስቃሴ በነርቭና በጡንቻ ውስጥ መንገዱን የሚያበጀው በወራትና በዓመታት ድግግሞሽ ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ? ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢገጥማችሁ አትመኑት፤ ናዳል በዚያ ሰሞን ጉልበቱን ያመው ነበር፣ በኋላም ዊምብልደንን በዚሁ የተነሳ ትቶታል። ለሶደርሊንግ ወገን በተተወው ወንበር ላይ ግን ለኛ ጉዳይ ከናዳል ጉልበት የበለጠ የሚጠቅመን ሰው ተቀምጦ ነበር። ማግኑስ ኖርማን ይባላል። በ2000 የዓለም ሁለተኛ የነበረ፣ በዚያው ዓመት በዚሁ ሮላን ጋሮስ ለፍጻሜ ደርሶ በጉስታቮ ኩዌርተን የተሸነፈ፣ በኋላም የዳሌ ጉዳት ከሜዳ ያስወጣው ተጫዋች ነው። ሶደርሊንግን ማሰልጠን ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

ተጫዋች የነበረ ሰው አሰልጣኝ ሲሆን አዲስ የሚማረው ነገር አለ ወይ? ብዙዎቻችን የለም ባዮች ነን። ያውቃል፣ ስለዚህ ይንገራቸው እንላለን። ይህ ምዕራፍ «ያውቃል» እና «ይንገራቸው» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ስላለው ገደል ነው።

ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር

ሺንሺቾ ለሚኖር አንባቢ ይህን ገደል ለማየት ራኬት አያስፈልገውም፤ ጓሮ መውረድ ይበቃዋል። እንሰቱ ተፍቋል፣ ተከትፎ ከእርሾው ጋር ተደባልቋል፣ በኮባ ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ከተቀበረም ሳምንታት ሆኖታል። ልጅቱ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ፣

«እማዬ፣ ቆጮው ደርሷል?» ትላለች።

እናት እጇን ሰዳ ቆንጠር ታደርጋለች። በሁለት ጣቷ መሀል ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች። «ገና ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? እጅሽን ክተቺና እይዋ!»

እናቲቱ እውቀቷን መደበቋ አይደለም። ሲበዛ የምታውቀው ነገር ነው። ሆኖም እውቀቱ ያለው ጣቷና አፍንጫዋ ውስጥ ነው፤ በቃል እንዲወጣ ጠይቆት የሚያውቅ የለም። አጥብቃችሁ ብትይዟት «ሲደርስ ይለሰልሳል» ትላለች። ችግሩ ያልደረሰውም ለልጅቱ ጣት ለስላሳ መሆኑ ነው። እናት «ይለሰልሳል» ስትል የምታስበውን ልስላሴ የምታውቀው እሷው ብቻ ናት። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሙሉ ነው፤ ልጅቱ ጆሮ ሲገባ ባዶ።

ብልህ እናት ሌላ ነገር ታደርጋለች። ከቀደመው ጉድጓድ አንድ እፍኝ፣ ከአዲሱም አንድ እፍኝ ታወጣና በልጅቱ ሁለት እጆች ላይ ታስቀምጣለች። «ይሄኛው የበሰለ፣ ያኛው ጥሬ። በይ እሺው።» ስለ ልስላሴ አንድም ቃል አልተናገረችም። ልዩነቱን የልጅቱ ጣት ራሱ ያገኘዋል። ይህችን እናት እንያዛት፤ ቴኒስ ሜዳ ላይ ደጋግመን እናገኛታለን።

የሃንጋሪ ተወላጁ ኬሚስትና ፈላስፋ ማይክል ፖላኒ በ1960ዎቹ ስለዚህ ዓይነት እውቀት ጽፎ ነበር። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ ጠይቁት፤ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ የተሳሳተ ነገር ይነግራችኋል። ብስክሌቱን ግን ይነዳል። እኔ ይህን «ዝምተኛ እውቀት» ብዬ እጠራዋለሁ።

ቃሉ የት ሄደ?

ቃል መጀመሪያ ላይ ነበር። ፖል ፊትስ እና ማይክል ፖዝነር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1967 ሰው አንድን የእጅ ሙያ ሲማር በሦስት እርከን እንደሚያልፍ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢታረምም፣ እስከ ዛሬ ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል ካርታ አላገኘሁም። በመጀመሪያው እርከን ተማሪው እያንዳንዷን ነገር ለራሱ ይነግራል፦ እግር እዚህ፣ ክንድ ወደኋላ፣ ዓይን ኳሱ ላይ። በሁለተኛው ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ስህተቱ ይቀንሳል፣ ለራስ መናገሩም ይቀዘቅዛል። በሦስተኛው እንቅስቃሴው ራሱን ችሎ ይሄዳል፤ ተጫዋቹ ኳስ እየመታ ስለ እራቱ ማሰብ ይችላል።

መሰላሉን የጨረሰ ሰው የመጀመሪያውን እርከን ይረሳዋል። መርሳቱም ትርፍ ነው። በምዕራፍ ሰባት እንዳሰላነው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የተመታ ሰርቭ (ጨዋታውን የሚከፍተው ምት) ተቀባዩ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ቢወስድበት ነው። በዚያች ቅጽበት «ክንድ ወደኋላ» ብሎ ለራሱ የሚነግር ተጫዋች ኳሷን የሚያገኛት ከኋላው አጥር ስር ነው።

ሲያን ባይሎክ እና ቶማስ ካር በ2001 ባሳተሙት ጥናት ነገሩን በጎልፍ ተጫዋቾች ፈተኑት። ልምድ ያላቸውንም ጀማሪዎችንም ሁለት ጥያቄ ጠየቋቸው። የመጀመሪያው፣ «ኳስን ወደ ጉድጓዱ ለማስገባት በጥቅሉ ምን ይደረጋል?» የሚል ነበር። ልምድ ያላቸው ረዘም ያለ፣ የተሟላ መልስ ሰጡ። ሁለተኛው፣ «አሁን፣ ከደቂቃ በፊት የመታሃትን ኳስ እንዴት እንደመታሃት ንገረን» የሚል ነበር። እዚህ ላይ መልሳቸው ከጀማሪዎቹ ያነሰ ሆነ። ዱላውን አጣመው በሰጧቸው ጊዜ ግን ትውስታቸው መለስ አለ፤ እጅ ስለተቸገረ አእምሮ መከታተል ነበረበት።

ይህ ለአሰልጣኝነት የሚያስደነግጥ ውጤት ነው። ሻምፒዮን የነበረው ሰው ሜዳ ዳር ቆሞ ሲያስረዳ የሚሰጠን የመጀመሪያውን ዓይነት መልስ ሊሆን ይችላል፣ ማለትም ትምህርቱን። እሱ ራሱ ያደርገው የነበረው ሌላ ነገር ሆኖ፣ ይህንንም ሳያውቅ።

የቤከር ምላስ

አካል ባለቤቱ የማያውቀውን ይናገራል። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ቴኒስ ውስጥ አላውቅም። አሜሪካዊው አንድሬ አጋሲ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከጀርመናዊው ቦሪስ ቤከር ጋር ያደረጋቸውን የመጀመሪያ ሦስት ጨዋታዎች ተሸነፈ። የቤከር ሰርቭ አልያዝ ብሎት ነበር። አጋሲ በኋላ እንደተረከው የቤከርን ጨዋታዎች በቪዲዮ ደጋግሞ ሲያይ አንድ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ። ቤከር ኳሱን ሊመታ ሲል ምላሱን ብቅ ያደርጋል፤ ምላሱ የምትወጣበት አቅጣጫም ኳሱ የሚሄድበትን ትጠቁማለች። ከዚያ በኋላ ካደረጓቸው 11 ጨዋታዎች አጋሲ 10ሩን አሸነፈ። ቤከር ነገሩን የሰማው መጫወት ካቆመ በኋላ፣ ከአጋሲ አፍ ነው።

ምርጥ ሰርቭ ከነበራቸው ሰዎች አንዱ ስለ ገዛ ሰርቩ ከተጋጣሚው ያነሰ የሚያውቅበት ነጥብ ነበር ማለት ነው። አጋሲ ያየው ከውጭ ስለሆነ ነው። አሰልጣኝነትም በአብዛኛው ይኸው ከውጭ የማየት ሙያ ይመስለኛል። ቤከርም ቢሆን ኋላ ሲማረው ተሳክቶለታል፤ ከ2014 እስከ 2016 ኖቫክ ጆኮቪችን ሲያሰለጥን ጆኮቪች ስድስት የግራንድ ስላም ዋንጫዎችን ወሰደ።

«ይለሰልሳል» ያለችውን እናት የሚያስታውስ አንድ ሙከራ እግረ መንገዴን ላንሳ። ኤሊዛቤት ኒውተን በ1990 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የታወቀ ዘፈን መርጠው ምቱን በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ እንዲያንኳኩ፣ ሌሎች ደግሞ ሰምተው ዘፈኑን እንዲለዩ አደረገች። አንኳኪዎቹ ግማሹ ይታወቃል ብለው ገምተው ነበር። ከ120 ዘፈኖች የታወቁት ሦስት ብቻ ናቸው። የሚያንኳኳው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ዜማው ሙሉውን እየተዘፈነ ነው፤ አድማጩ የሚሰማው ኳ ኳ ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት፤ ቤተሰብ መሀል ጠብ እንደማያስነሳ ግን ዋስ አልሆንም።

የሻይ ቤቱ ክርክር

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ሺንሺቾንም ጨምሮ፣ ኳስ የሚወራበት ሻይ ቤት ገብቶ ይህን ክርክር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሀዲያ ሆሳዕና ሲሸነፍ ይነሳል፣ አምበሪቾ ሲሸነፍ ይነሳል፦ «ራሱ ተጫውቶ ያላለፈ ሰው ምን ያሰለጥናል?» ሌላው ይመልሳል፦ «ተጫውቶ ያለፈውስ ምን አመጣ?»

ሁለቱም ወገን ምስክር አያጣም። በአገራችን ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ረጅም ዘመን ተጫውተው፣ በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳውን ብሔራዊ ቡድን አሰልጥነዋል። በሌላው በኩል ራፋኤል ናዳልን ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገው አጎቱ ቶኒ በተጫዋችነት ስም ያለው ሰው አልነበረም። ኢቫን ሌንድል ደግሞ ለሁለቱም ወገን አይመችም። ስምንት የግራንድ ስላም ዋንጫ ያለው ታላቅ ተጫዋች ሆኖ ሳለ ዊምብልደንን አንድም ጊዜ አላሸነፈም፤ እሱ ያሰለጠነው አንዲ መሪ ግን ዊምብልደንን በ2013 እና በ2016 ወሰደው።

ክርክሩ የማያልቀው ጥያቄው ስለተጣመመ ነው። ተጫውቷል ወይ ከማለት ይልቅ፣ ሲጫወት ነገሩን ሁለት ጊዜ የተማረ ሰው ነው ወይ ብንል የሚሻል ይመስለኛል። አንዳንድ ተጫዋች የመጀመሪያውን እርከን በልጅነቱ ተሻግሮ ተመልሶ አይቶት አያውቅም። ሌላው በግድ ይመለሳል። ብራድ ጊልበርትን ውሰዱት። ምቱ የሚያምር አልነበረም፤ ተመልካች ስለሱ ግጥም አይጽፍም። ተጋጣሚውን በማጥናትና የሚጠላውን ኳስ በመስጠት የዓለም አራተኛ ደረጃ ደረሰ። ምን እንደሚያደርግ እያንዳንዱን ጊዜ ማሰብ ስለነበረበት ቃሉ አልጠፋበትም። በኋላም አጋሲን ለስምንት ዓመት አሰለጠነ።

ኖርማንን ደግሞ የመለሰው ዳሌው ነው ብዬ አምናለሁ። ጤነኛ አካል ሲታዘዝ አይታወቅም። የታመመ አካል ግን፣ እንደዚያ እንደተጣመመው የጎልፍ ዱላ፣ ባለቤቱ እያንዳንዷን እርምጃ እንዲከታተል ያስገድዳል። ማመን ነው እንጂ ይህን በኖርማን ላይ የለካ የለም። የሆነውን ግን መዝገብ ይዞታል። ሶደርሊንግ በ2009 እና በ2010 ሁለት ጊዜ ለሮላን ጋሮስ ፍጻሜ ደረሰ፣ በኖቬምበር 2010ም የዓለም አራተኛ ደረጃ ላይ ወጣ። ከዚያ ኖርማን ስዊዛዊውን ስታን ቫቭሪንካን ያዘ። በ28 ዓመቱ የመጀመሪያውን ግራንድ ስላም የወሰደው ቫቭሪንካ፣ በ2014 አውስትራሊያን፣ በ2015 ሮላን ጋሮስን፣ በ2016 ዩኤስ ኦፕንን አሸነፈ። የወንዶች የቴኒስ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ የሚል ሽልማት በ2016 ሲጀምር የመጀመሪያው ተሸላሚ ኖርማን ነበር።

ቃሉን ወደ ውጭ ማዞር

ቃሉን ያገኘ አሰልጣኝ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። በጣም ብዙ ይናገራል።

ጀርመን የተወለደችው ተመራማሪ ጋብሪኤለ ቩልፍ ከባልደረቦቿ ጋር በ1998 ባሳተመችው ጥናት፣ የበረዶ ሸርተቴን በሚያስመስል ማሽን ላይ ጀማሪዎችን አሰለጠነች። አንዱን ቡድን «እግርህ ላይ አተኩር» አሉት፤ ሌላውን «እግርህ ሥር ባሉት ጎማዎች ላይ አተኩር»። ልዩነቱ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ጎማዎቹን ያሰቡት የበለጠ ተማሩ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ስፖርቶች ተመሳሳይ ውጤት ተገኝቷል። ሐሳብ በገዛ አካል ላይ ሲያርፍ፣ ራሱን ችሎ የሚሄደውን እንቅስቃሴ ጣልቃ ገብቶ ያደናቅፈዋል። ሐሳብ ውጭ ባለ ነገር ላይ፣ ኳሱ በሚያርፍበት ወይም መሣሪያው በሚሠራው ላይ ሲያርፍ፣ አካል መንገዱን ራሱ ይፈልጋል።

የቆጮዋ እናት ያደረገችው ይህንኑ ነው። ስለ ጣት አልተናገረችም፤ እፍኙን ሰጠች።

አንድ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ልጆችን ኳስ መምታት ሲያስተምር «ቁርጭምጭሚትህን አጠንክር፣ ጉልበትህን ኳሱ ላይ አድርግ፣ ደረትህን አጎንብስ» ቢል ሦስቱም ትክክል ናቸው። ልጁ ግን ሦስቱን ሲያስብ ኳሱን ይስታል። «ኳሱን ከዚያ ድንጋይ ሳታሳልፍ መሬት ለመሬት ላካት» ቢባል፣ ለድንጋዩ ሲል ደረቱ ራሱ ይጎነበሳል። የቴኒስ አሰልጣኝም «የእጅህን አንጓ አዙር» ከሚል «ኳሷ ከመረቡ አንድ ክንድ ከፍ ብላ ትለፍ» ቢል ይሻለዋል። እርግጥ ይህ መድኃኒት ለሁሉም አይደለም። አካሉ የተጎዳ ተጫዋች አንዳንዴ ስለ ጉልበቱ በስሙ ሊነገረው ይገባል፤ የትኛው መቼ እንደሚሠራም ተመራማሪዎቹ እስካሁን ይነታረካሉ።

ከኖርማን ወደ ሶደርሊንግ፣ ከሶደርሊንግ ወደ ኤልያስ ይመር

ሶደርሊንግ በጁላይ 2011 በአገሩ ቦስታድ ከተማ ዴቪድ ፌረርን 6 ለ 2፣ 6 ለ 2 ረትቶ ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ በኋላ በከፍተኛ ደረጃ አልተጫወተም። የእጢ ትኩሳት የሚባለው የቫይረስ ሕመም ያዘው፤ 27 ዓመት አልሞላውም ነበር። አራት ዓመት ያህል ለመመለስ ሲታገል ቆይቶ በዲሴምበር 2015 መሰናበቱን አስታወቀ። በ2020 ደግሞ በጨዋታ ዘመኑ ስለተጫነው ከባድ ጭንቀት በግልጽ ተናገረ። አካሉ አልታዘዝ ሲለው ያየ ሰው ነው።

በኋላ እሱም በተራው አሰልጣኝ ሆነ፤ ካሰለጠናቸው አንዱ ኤልያስ ይመር ነው። ስሙን ስታነቡ የማን ልጅ እንደሆነ ገምታችኋል። አባቱ ወንድወሰን ይመር ከኢትዮጵያ ወደ ስዊድን የሄዱ የረጅም ርቀት ሯጭ ናቸው። ኤልያስ በ1996 ስካራ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ወንድሙ ሚካኤል በ1998 ሾቭዴ ተወለዱ። ኤልያስ በ2015 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የአራቱንም ግራንድ ስላም ማጣሪያ አልፎ ዋናው ውድድር ገባ። በ2016 ሁለቱ ወንድማማቾች በስቶክሆልም ኦፕን የጥንድ ዋንጫ ወሰዱ። ታሪክ አንዳንዴ ብድር ይመልሳል። አበበ ቢቂላን ለሮም ማራቶን ያዘጋጁት ከስዊድን የመጡት ኦኒ ኒስካነን ነበሩ፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ አንድ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ስዊድን ላይ ሁለት የቴኒስ ተጫዋቾች አሳደጉላት።

ኤልያስ በ2018 እስከ 105ኛ ደረጃ ወጣ፤ ሚካኤል በ2023 እስከ 50ኛ። የዓለም አራተኛ የነበረ ሰው ያሰለጠነው ልጅ ለምን አራተኛ አልሆነም የሚል ሻይ ቤት ውስጥ አይጠፋም። ወደዚያ የፓሪስ እሁድ ልመልሳችሁ። ናዳል ኳሱን አሽከርክሮ ስለሚመታ አፈር ላይ ሲነጥር ከፍ ብሎ ይነሳ ነበር፤ ብዙ ተጫዋች ትከሻው ላይ ይደርስበትና ጉልበት ያጣ ነበር። ሶደርሊንግ ቁመቱ 1.93 ሜትር ነው። ያችን ኳስ ወደኋላ ሳይሸሽ ከላይ ወደታች፣ ዝርግ አድርጎ ይመታት ነበር። ኤልያስ 1.83 ሜትር ነው። አሥር ሴንቲ ሜትሯ ለሶደርሊንግ የምትመቸውን ኳስ ከኤልያስ ትከሻ በላይ ታደርጋታለች፤ እዚያ ላይ ያንኑ ምት እንዳለ ልሞክር ቢል ኳሱ መረቡ ላይ ይቀራል። ሶደርሊንግ ዝናውን ያገኘባትን ያችን ምት ለተማሪው ሊያወርሰው አይችልም ነበር፤ ለኤልያስ ቁመት የሚሆን ሌላ ምት አብረው መፈለግ ነበረባቸው።